የዱር እንስሳ ለማንሳት ቴሌፎቶ ዙም ሌንስ መምረጥ፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ሰርግ አነሳለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ ይቆማል፤ ያኔ ቦርሳዬን አንግቼ ወደ ሰሜን ተራሮች እወጣለሁ። ይህን የሚያውቁ ወዳጆቼ፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ገና ካሜራ የገዙ ልጆች ስለ ረጅም ሌንስ (ሩቁን ስለሚያቀርበው ቴሌፎቶ) ይጠይቁኛል። ጥያቄዎቹ ስለሚደጋገሙ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ለሰሜን ተራሮች ስንት ሚሊሜትር ያስፈልገኛል?

ሚሊሜትሩ ሌንሱ ምን ያህል እንደሚያቀርብ ይነግራችኋል፤ ቁጥሩ ሲበዛ የበለጠ ያቀርባል። መጀመሪያ ማንን ልታነሱ ነው? ሦስቱ እንስሳት ሦስት የተለያየ መልስ አላቸው።

ጭላዳ ሰው ብዙም አይሸሽም። ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ መንጋው ሣሩን እየነጨ በአጠገባችሁ ያልፋል። ለሙሉ አካሉ 200 ሚሊሜትር ይበቃል። ፊቱን ወይም ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ቆዳ ለይታችሁ ለማውጣት ከ300 እስከ 400 ቢኖር በጣም ጥሩ ነው።

ዋልያ ሌላ ነው። በዱር የሚገኘው በዓለም ላይ እዚሁ ሰሜን ተራሮች ብቻ ነው። ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ የሚባለው ቦታ አካባቢ ዕድል ከቀናችሁ ቅርብ ታገኙታላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን ከገደሉ ማዶ ነው የሚቆመው። እዚያ ላይ 500 እና 600 ሥራ አላቸው። ቀይ ቀበሮም እንደዚያው ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ያልፋል፣ ርቀቱንም የሚመርጠው እሱ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት በወረቀት ላይ ማስላት ትችላላችሁ። የካሜራችሁን ሴንሰር (ምስሉን የሚይዘውን ክፍል) ስፋት ለሌንሱ ሚሊሜትር አካፍሉ፤ ውጤቱን በርቀቱ አባዙ። የፉል ፍሬም (የድሮው ፊልም ልክ ያለው) ሴንሰር ስፋት 36 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ በ100 ሜትር ርቀት ላይ 200 ሚሊሜትር ሌንስ 18 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ያሳያችኋል፤ 400 ሚሊሜትር 9 ሜትር፣ 600 ሚሊሜትር ደግሞ 6 ሜትር። ወንድ ዋልያ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በ600 የፍሬሙን ሩብ ይይዛል ማለት ነው፤ ከነገደሉ ለማሳየት ቆንጆ ልክ ነው። ክሮፕ (ከዚያ ያነሰ) ሴንሰር ያለው ካሜራ ከያዛችሁ ስፋቱን 24 ገደማ አድርጋችሁ አስሉት። ያኔ 400ው ራሱ 6 ሜትር ያሳያችኋል፤ በፉል ፍሬም 600 የሚሰጠውን ማለት ነው።

ታዲያ አንዴ ትልቁን 150-600 ገዝቼ ብገላገል አይሻልም?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ።

መጀመሪያ በእግር ስወጣ 150-600 ሌንስ ተውሼ ነበር። ሌንሱ ብቻውን ሁለት ኪሎ ይጠጋል፤ ከካሜራው ጋር ወደ ሦስት ኪሎ ይሆናል። ሳንቃ በር ካምፕ ላይ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ተነሳሁ። ከጅንባር ወንዝ ወደ ግጭ ሜዳ ዳገቱን ስንጀምር ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። ትንሽ ቆይተን ቦርሳውን በቅሎ ላይ ጫንነው። ሜዳው ላይ ልንደርስ ስንል ሁለት ወንድ ጭላዳዎች ተያያዙ። የላይ ከንፈራቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ድዳቸው ሁሉ ይታያል፤ ጋማቸው ተነስቷል። ከእኛ 15 ሜትር አይርቁም። በቅሎዋ ግን ከፊት ቀድማ ሄዳለች። ሁሉም ነገር በአንድ ደቂቃ ውስጥ አለቀ።

ግጭ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ያህል ነው። ጎንደር ላይ ቀላል የሆነ ዕቃ እዚያ ይከብዳል። ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የልብ ምታችሁ በካሜራው መስኮት ውስጥ ምስሉን ሲያነቃንቀው ታያላችሁ። ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። በእግር የምትሄዱ ከሆነ፣ የመጀመሪያ ሌንሳችሁ ቀኑን ሙሉ ከእጃችሁ የማይወርድ 100-400 ይሁን። በመኪና እስከ ጨነቅ ሄዳችሁ፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብላችሁ ዋልያ የምትጠብቁ ከሆነ 600ውን ውሰዱ፤ ያኔ ክብደቱ አይጎዳችሁም።

ኤፍ 5.6፣ ኤፍ 6.3፣ ኤፍ 8… ልዩነቱ ያን ያህል ነው?

ጠዋትና ማታ፣ አዎ። ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ምን ያህል እንደሚከፈት ነው የሚናገረው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃን በብዛት ይገባል። ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 8 ስትሄዱ ወደ ሴንሰሩ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። በኤፍ 5.6 አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 ላይ ያገኛችሁትን ፎቶ፣ በኤፍ 8 ለማግኘት አይኤስኦ 6400 ትላላችሁ። ፎቶው ላይ ያለው ጭረትና ቅንጣት ያን ጊዜ ይመጣል።

የሰሜን ብርሃን ደግሞ ቆንጆ የሚሆነው በጠዋት ነው። ጭላዳዎቹ ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ሞቅ ሲል ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ቀጥለው ፀሐይ እየሞቁ ይቀማመላሉ፤ ግልገሎቹ ይራገጣሉ። ያ ሰዓት ጥሩ ብርሃን አለው፣ ኤፍ 8 ሌንስም ይሠራል። የሚከብደው ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው፤ ዋልያ በጥላ ውስጥ ያለበት፣ ጉም ያልተነሳበት።

ሌንስ ስታወዳድሩ መጀመሪያ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትዩ። ኤፍ 4.5-5.6 ሲል ትንሹ ቁጥር ለአጭሩ ዙም ነው። እናንተ የምትኖሩት በረጅሙ ጫፍ ላይ ስለሆነ ሁለተኛውን ቁጥር ተመልከቱ።

ለሰርግ የምጠቀምበት 70-200 ኤፍ 2.8 አለኝ። አይበቃም?

ለጭላዳ በደንብ ይበቃል። እንዲያውም ንጋት ላይ ከብዙ ረጅም ሌንስ ይበልጣል። ሌላ ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት በዚሁ አንድ ጊዜ ወጥታችሁ ተመለሱ። ያነሳችሁትን ኮምፒውተር ላይ ስታዩ ምን እንዳጠራችሁ ራሳችሁ ታውቃላችሁ።

1.4 ቴሌኮንቨርተር (በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባ ማቅረቢያ) ብትጨምሩበት 98-280 ኤፍ 4 ይሆናል፤ አንድ ስቶፕ ብርሃን፣ ማለትም ግማሹን ነው የሚወስደው። 2 እጥፉ ሁለት ስቶፕ ይወስዳል፣ ጥራቱንም ያላላዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቴሌኮንቨርተሩ የእናንተን ሌንስ መቀበሉን አረጋግጡ፤ ሁሉም 70-200 አይቀበልም። ኤፍ 6.3 ላይ በሚያልቅ ሌንስ ላይ ቴሌኮንቨርተር አልመክርም። በተለይ መስታወት ባላቸው የቆዩ ካሜራዎች (ዲኤስኤልአር) ላይ አውቶፎከሱ ይጠፋል።

የትኛውን ሞዴል ልግዛ?

ካሜራችሁ ይወስነዋል። እያንዳንዱን ሌንስ አልዘረዝርም፤ እኔ የምመክራቸውን ብቻ ልበል።

የካኖን አርኤፍ (መስታወት የሌለው አዲሱ ዓይነት) ካሜራ ላለው፣ አርኤፍ 100-400 ኤፍ 5.6-8 ክብደቱ 635 ግራም ብቻ ነው። ለእግር ጉዞ ከዚህ የሚቀል ጥሩ ሌንስ አላየሁም። ድክመቱ ኤፍ 8 ነው። ብርና ጉልበት ያለው 100-500ን ወይም 200-800ን ያስብ። የቆየ ካኖን ይዛችሁ በጀታችሁ አነስተኛ ከሆነ 55-250 ኤስቲኤምን አትናቁ። 375 ግራም ናት፣ በክሮፕ ካሜራ ላይ ጭላዳን በሚገባ ታነሳለች። ብዙ ጀማሪ መጀመር ያለበት በእሷ ነው እላለሁ።

ሶኒ ላይ 200-600 ኤፍ 5.6-6.3 አለ፤ 2.1 ኪሎ ገደማ ነው። ኒኮን ዜድ ላይ 180-600 አለ። ሁለቱም ዙም ሲደረጉ አይረዝሙም፤ ይህ ለቪዲዮና ለአቧራ ትልቅ ጥቅም አለው። የቆየ ኒኮን ላለው 200-500 ኤፍ 5.6 ከባድ ነው፣ ግን ከዳር እስከ ዳር ኤፍ 5.6 ነው። ሲግማና ታምሮን ደግሞ 150-600 እና 100-400 ሠርተዋል፤ ያገለገለ ገበያ ላይ የሚገኙት እነዚህ ናቸው።

ስለ አዳፕተር (አንዱን ሌንስ በሌላ ዓይነት ካሜራ ላይ ስለሚያስረው ቀለበት)፦ የቆየ ካኖን ኢኤፍ ሌንስ በአዳፕተር አርኤፍ ካሜራ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ሶኒ ላይ ስታስሩት ግን አውቶፎከሱ እንደ ራሱ ሌንስ አይሆንም፤ ቪዲዮ ላይ ደግሞ ይብሳል።

ለቪዲዮ የሚሆነው ሌንስ ከፎቶው ይለያል?

ሌንሱ አንድ ሊሆን ይችላል፤ የምትፈትሹበት ነገር ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አሁን አብዛኛው ሰው የሚጠይቀኝ ቪዲዮ ነው።

አንደኛ፣ እየቀረጻችሁ ዙም ስታደርጉ ኤፍ ከ4.5 ወደ 6.3 የሚቀየር ሌንስ ምስሉን ያጨልማል። አይኤስኦው በራሱ ካካካሰው ደግሞ ብርሃኑ ሲዘል ይታያል። ሁለተኛ፣ አብዛኞቹ የፎቶ ዙም ሌንሶች ዙም ሲደረጉ ፎከሱን ይዘው አይቆዩም። 150 ላይ ጥርት ያለው ዋልያ 600 ላይ ይደበዝዛል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እየቀረጻችሁ ዙም አታድርጉ። አቁሙ፣ ዙሙን ቀይሩ፣ ፎከስ አድርጉ፣ እንደገና ቅረጹ። ኤዲት ላይ ሁለት ጥሩ ሾት ታገኛላችሁ፤ አንድ የተበላሸ ሾት ከመያዝ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ሻተር፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኝበት ጊዜ። በሴኮንድ 25 ፍሬም ስትቀርጹ ሻተሩ 1/50 ቢሆን እንቅስቃሴው ለዓይን ይስማማል። ቀን ላይ በሰሜን ፀሐይ 1/50 ማለት ምስሉ ነጭ በነጭ ይሆናል ማለት ነው፤ ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚታሰር ብርሃን ቀናሽ ጥቁር መስታወት) ግድ ይላል። የሌንሱን ፊልተር መጠን ከመግዛታችሁ በፊት እዩልኝ። 100-400ው አርኤፍ 67 ሚሊሜትር ነው፤ በቀላሉ ይገኛል። የሶኒ 200-600፣ የኒኮን 180-600፣ የሲግማና የታምሮን 150-600 (የሲግማው ቀላሉ ዓይነት) 95 ሚሊሜትር ናቸው። ያን የሚያህል ጥሩ ኤንዲ ውድ ነው፣ አስመጡልኝ ብላችሁም ትጠብቃላችሁ።

አራተኛ፣ 4ኬ ቀርጻችሁ በፉል ኤችዲ የምታወጡ ከሆነ ኤዲት ላይ በሁለት እጥፍ አቅርባችሁ መቁረጥ ትችላላችሁ። 300ው እንደ 600 ሆነ ማለት ነው። ዩቲዩብ ላይ የሚጭን ሰው በዚህ ብቻ ትልቅ ሌንስ ከመግዛት ይድናል። አንዳንድ ካሜራዎች ደግሞ 4ኬ ሲሆኑ ምስሉን ራሳቸው ይቆርጡታል፤ የእናንተ ምን እንደሚያደርግ ቤት ውስጥ ሞክሩት።

እና ድምፅ። የሌንሱ ሞተር ድምፅ ካሜራው ላይ ባለው ማይክ ይገባል። ጭላዳ ደግሞ እንደ ሰው የሚያወራ የሚመስል ድምፅ አለው፤ ያን ማጣት ያሳዝናል። ለብቻው ማይክ ያዙ፣ የንፋስ መከላከያውን አትርሱ።

ትራይፖድ ግድ ነው?

ለቪዲዮ፣ አዎ፤ ከሌንሱ በፊት የሚገዛ ነው። በ400 ሚሊሜትር በእጅ የተቀረጸ ቪዲዮ ማንም ሰው እስከ መጨረሻ አያየውም። ጭንቅላቱ ፈሳሽ ያለበት፣ ቀስ ብሎ የሚዞር ይሁን።

ለፎቶ ግን የእኔ ዕቃ ሌላ ነው፦ የሽምብራ ከረጢት። ወፍራም አቡጀዲ ጨርቅ፣ ክንድ የሚያህል፣ አንድ ጎኑ በዚፕ የሚዘጋ አሰፋሁ። ደባርቅ ገበያ ስደርስ ሁለት ኪሎ ሽምብራ እገዛና ሦስት አራተኛውን እሞላዋለሁ። ጢም ብሎ መሙላት የለበትም፤ ሌንሱ ሲቀመጥበት ፍሬው ወደ ግራና ቀኝ ሸሽቶ ሌንሱን እንዲያቅፈው ነው። ድንጋይ ላይ፣ የመኪና መስኮት ላይ፣ መሬት ላይ ይሆናል። ባቄላም ይሠራል። ጤፍ ግን በስፌቱ ይፈስሳል። ስመለስ ሽምብራውን አብሮኝ ለተጓዘው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ትቼለት ባዶውን ከረጢት አጥፌ እመጣለሁ።

የሌንሱ ማረጋጊያ ትራይፖድ ላይ ይጥፋ ወይስ ይብራ?

ብዙ የቆዩ ሌንሶች ላይ ይጥፋ። አዲሶቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ያውቃሉ። ማረጋጊያ የእናንተን እጅ ነው የሚያረጋጋው፤ የሚሮጥ እንስሳን አያቆምም። ለሚራመድ ጭላዳ ሻተሩን 1/500፣ ለሚጣላ ጭላዳ ወይም ለሚበር ወፍ 1/2000 አድርጉት።

ያገለገለ ሌንስ ስገዛ ምን ልፈትሽ?

አብዛኞቻችን ያገለገለ ነው የምንገዛው፤ ወይ ከአዲስ አበባ፣ ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ይዞልን ሲመጣ። እኔ አንድ ጊዜ በችኮላ ገዝቼ ቀኝ ጎኑ ሁሌ የሚደበዝዝ ሌንስ ታቅፌ ቀርቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ሳላደርግ ብር አልከፍልም።

የመጀመሪያው የስልክ መብራት ነው። የሌንሱን ሁለት ክዳኖች ከፍታችሁ ከኋላ አብሩበት፣ ከፊት እዩ። ትንሽ አቧራ ችግር የለውም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነጭ ነገር ካያችሁ ግን ፈንገስ ነው፤ ተዉት።

ሁለተኛው የግንብ ፈተና ነው። ጎንደሮች በዚህ ታድለናል። ፋሲል ግንብ ግቢ ገብታችሁ አንድ ሰፊ የድንጋይ ግድግዳ ፊት ለፊት፣ ሳትጣመሙ ቁሙ። በአጭሩ፣ በመካከለኛውና በረጅሙ ዙም፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ሙሉ ከፍታችሁ አንሱ። ከዚያ አራቱን ማዕዘኖች አቅርባችሁ ድንጋዮቹን የሚያያይዘውን ኖራ ተመልከቱ። አራቱም ትንሽ ቢደበዝዙ የተለመደ ነው። አንዱ ማዕዘን ብቻ ከደበዘዘ ውስጡ ያለ መስታወት ተዛንፏል፤ ምናልባት ወድቆ ያውቃል። ሻጩ ይህን እንድታደርጉ ካልፈቀደ፣ አትግዙ።

አቧራና ብርዱን እንዴት ልቻለው?

ከደባርቅ አልፎ ፓርኩ ውስጥ ያለው መንገድ ጠጠር ነው፤ በበጋ አቧራው መስኮት ዘግታችሁም ይገባል። ዙም ሲደረግ የሚረዝም ሌንስ አየር ሲስብ አቧራውንም ይስበዋል። እኔ ያረጀ ነጠላ ጠቅልዬበት ነው የምሄደው። መኪና ውስጥ ሌንስ አትቀይሩ።

ማታ ብርዱ ኃይለኛ ነው። ባትሪዎቹን ጋቢ ውስጥ ይዛችሁ እደሩ፣ ሲበርዳቸው ቶሎ ያልቃሉ። ከውጭ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ቦርሳውን ሳትከፍቱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተዉት።

ተራራው ድረስ መሄድ ካልቻልኩ የት ልለማመድ?

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ያሉት ዛፎች ወፍ አያጡም። የከተማው ሰማይ ላይ ጭልፊት አለ፤ የሚበር ወፍ በፎከስ መከተልን የተማርኩት በእሱ ነው። መንገዱ ሲመች ጎርጎራ ውረዱ፦ የጣና ዳርቻ ፔሊካኑ፣ አሣ አጥማጁ ንስር፣ አንዳንዴም ጉማሬው። ውኃ ላይ ቀትር ሲሆን ሙቀቱ አየሩን ያርገበግበዋል፤ በ600 የተነሳው ሁሉ ይደበዝዛል። ሌንሱ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደነግጡ፣ በጠዋት ሂዱ። ወደ ደባርቅም ሆነ ወደ ጎርጎራ ከመነሳታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ በዚያ ሳምንት የተመላለሰ ሰው ጠይቁ።

ለጥምቀትስ ይሆነኛል?

በጣም። ጥር 11 በፋሲል መዋኛ ሰው ስለሚበዛ ወደ ፊት መጠጋት አይቻልም። ከዳር ሆናችሁ ዋኝተው የሚወጡትን ልጆች ፊት የሚያመጣላችሁ ያው 100-400 ነው። ለከተራ ምሽትና ለሌሊቱ ግን 70-200 ኤፍ 2.8 ያዙ።

ፓርኩ ውስጥ ምን ልጠንቀቅ?

ደባርቅ ባለው ጽሕፈት ቤት ትመዘገባላችሁ፣ ስካውት ይመደብላችኋል። ድሮን ያለ ፈቃድ አታንሱ። ለገቢ የምትቀርጹ ከሆነም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ለጭላዳ ምግብ አትስጡ፤ ብስኩት የለመደ ጭላዳ ሣሩን ትቶ ቦርሳ መንጠቅ ይጀምራል።

ስለ ርቀት የሚጠይቁኝ አሉ። ሜትር አልቆጥርም፤ እንስሳውን ነው የማየው። ዋልያ ሣር እየበላ ከሆነ ደህና ነኝ። መብላቱን አቁሞ ራሱን ቀና ካደረገ ቀርቤዋለሁ። ያኔ ካሜራዬን ዝቅ አድርጌ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ እመለስና እቀመጣለሁ። አንዳንዴ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሣሩን ሲጀምር ካሜራዬን አነሳለሁ።